በፔኒ ጀርባ የተጻፈ ስም

ሰው ገንዘብ ሲቀበል ብዙ ጊዜ የሚመለከተው ቍጥሩን ነው፤ ማን እንደ ሠራው፥ ለሥራውስ ማን ዋስ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በእንግሊዝ አገር ግን ከ300 ዓመት ለሚበልጥ ዘመን በእያንዳንዱ የብር ገንዘብ ላይ የሠሪው ስምና የተሠራበት ከተማ ስም ተጽፎ ይገኝ ነበር። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቍጥር፥ ታማኝነት የሚወለደው ከፍርሃት ነው ወይስ ከኅፍረት ወይስ ከምርመራ እያልሁ ራሴን እጠይቃለሁ። ይህንኑ ጥያቄ ለአንባቢ ማካፈል መልካም መስሎ ታየኝ። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ ሰዎች አቆጣጠር ናቸው።

ያ ገንዘብ ፔኒ ይባላል። ስፋቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል፥ ክብደቱም አንድ ግራም ተኩል ያህል የሚሆን፥ እንደ ቅጠል የሳሳ ብር ነው። በላቲን ቋንቋ የሚጽፉ ሰዎች ዴናሪየስ ይሉት ነበር፤ ይህም በወንጌል ታሪክ፥ ስለ ግብር በተጠየቀ ጊዜ ለጌታችን ያመጡለት የዲናር ስም ነው። 12 ፔኒ አንድ ሽልንግ፥ 20 ሽልንግም ማለት 240 ፔኒ አንድ ፓውንድ ይሆናል፤ እንግሊዞች በዚህ አቆጣጠር እስከ 1971 ድረስ ሲሠሩበት ኖሩ። በዚያ ዘመን ከፔኒ በቀር ሌላ ገንዘብ እምብዛም ስላልነበረ፥ ግማሽ ወይም ሩብ ዋጋ የፈለገ ሰው ፔኒውን በመስቀሉ መስመር ለሁለት ወይም ለአራት ቈርጦ ይገበያይበት ነበር።

ይህ ገንዘብ በአንድ ስፍራ ብቻ የሚሠራ አልነበረም፤ በየአውራጃው ከተማ ገንዘብ ማተሚያ ቤት ነበረ። ከ924 እስከ 939 የነገሠው ንጉሥ አቴልስታን፥ በመንግሥቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ገንዘብ ብቻ እንዲኖር፥ ከከተማም ውጭ ማንም ገንዘብ እንዳያትም ሕግ አወጣ። በዚያው ሕግ የአታሚዎቹን ቍጥር በየከተማው ወሰነ፤ ለሎንዶን 8፥ ለካንተርበሪ 7፥ ለዊንቸስተር 6 ሰጠ፤ ለሚበዙት ታናናሽ ከተሞች ግን ወይ ሁለት ወይ አንድ ሰው ብቻ ፈቀደ። ከእርሱም በኋላ ንጉሥ ኤድጋር በ973 ገደማ የገንዘቡን ሥርዓት አደሰ። ከዚያ ወዲህ በመላው አገር በአንድ ዘመን የሚወጣው ፔኒ ሁሉ መልኩ አንድ ሆነ፤ በፊቱ የንጉሡ ራስና ስም፥ በጀርባው መስቀል፥ በመስቀሉም ዙሪያ የአታሚው ስምና የከተማው ስም ይቀረጽበት ነበር። ከጥቂት ዓመታትም በኋላ መልኩ ይለወጣል፤ አሮጌውም ተሰብስቦ ይቀልጥና እንደ ገና ይታተማል።

የሥራው አኳኋን እንዲህ ነበር። ብሩን በማቅለጫ አቅልጠው ጥራቱን ይመረምራሉ፤ ቀጥሎም በመዶሻ ቀጥቅጠው ያሳሱትና ክብ ክብ አድርገው ይቈርጡታል፤ ክብደቱንም በሚዛን ይመለከታሉ። ማኅተሙ ሁለት ብረት ነው። የታችኛው ብረት እግሩ ሹል ስለ ሆነ በግንድ ላይ ይተከላል፤ የላይኛውን ግን ሠራተኛው በእጁ ይይዘዋል። ብሩን በሁለቱ መካከል አኑሮ የላይኛውን ብረት በመዶሻ ሲመታው ፊቱም ጀርባውም በአንድነት ይታተማል። ይሁን እንጂ አታሚው ማኅተሙን እንደ ወደደ የሚያወጣው አልነበረም። በ1086 በንጉሥ ዊልያም ትእዛዝ የተጻፈው ዱምስዴይ ቡክ የሚባለው መዝገብ፥ የዉስተር ከተማ አታሚዎች የገንዘቡ መልክ በተለወጠ ጊዜ ሁሉ፥ ማኅተሙን ለመቀበል እያንዳንዳቸው በሎንዶን 20 ሽልንግ ይከፍሉ እንደ ነበረ ይናገራል። 20 ሽልንግ 240 ፔኒ ነውና፥ ይህን መክፈል የሚችል ሰው ድሃ አንጥረኛ አይደለም። አታሚው ብዙ ጊዜ በከተማው የታወቀ ባለጸጋ ነበር፤ መዶሻውን የሚያነሡት ግን ከእርሱ በታች ያሉ ሠራተኞች ነበሩ።

ከእነዚህ ከተሞች መካከል ዊንቸስተርን ለምሳሌ እወስዳለሁ። ዊንቸስተር በደቡብ እንግሊዝ ያለች፥ የጥንት ነገሥታት የተቀመጡባት፥ የመንግሥት ግምጃ ቤትም የነበረባት ከተማ ናት። በ1833 ከዚህች ከተማ ጥቂት ራቅ ብላ ቦዎርዝ በምትባል መንደር፥ በእርሳስ ሣጥን የተቀበረ ከ6000 የሚበልጥ የብር ፔኒ ከመሬት ውስጥ ተገኘ። የሚበዛው በ1066 እንግሊዝን በጦር የያዘው የንጉሥ ዊልያም ገንዘብ ነው። በጀርባው፥ በመስቀሉ አራት ማዕዘን፥ በአራት ክበብ ውስጥ ፊደላት አሉበት፤ ሲነበቡም ፓክስ የሚል ቃል ይወጣቸዋል፤ ትርጓሜው በላቲን ሰላም ማለት ነው። አገሩን በእሳትና በሰይፍ ያስገበረ ንጉሥ በገንዘቡ ላይ ሰላምን መጻፉ ያስደንቃል።

እኔን ይልቁን የሚያስደንቀኝ ግን የንጉሡ ቃል ሳይሆን፥ በዙሪያው ያለው ጽሕፈት ነው። በዊንቸስተር ከታተሙት በአንዳንዶቹ ላይ፥ ጎድዊኔ በዊንቸስተር፥ በሌሎቹም ላይ፥ ሊፊንግ በዊንቸስተር ተብሎ ተጽፏል። ጎድዊኔና ሊፊንግ ነገሥታት አልነበሩም፤ ነገር ግን ስማቸው በንጉሡ ስም ጀርባ ተቀርጾ ከ900 ዓመት በላይ ቆየ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ለእነዚህ ሰዎች በሚታይና በሚዳሰስ ነገር ተፈጸመላቸው።

ነገር ግን ስማቸው የተጻፈው ለክብር አልነበረም፤ ለዋስትና ነው እንጂ። የፔኒው ክብደት ቢጐድል፥ ወይም በብሩ ላይ መዳብ ቢበዛበት፥ ገንዘቡ ራሱ በደለኛውን በስሙ ይጠራዋል፤ የሚኖርበትንም ከተማ ያመለክታል። ከገበሬዎችና ከሻጮች ብዙዎቹ ማንበብ አያውቁም ነበር፤ የንጉሡ ሹም ግን ያነባል። ደግሞ ልብ ልንለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። መዶሻውን የመታው ሠራተኛው ሲሆን የተጻፈው የጌታው ስም ነው። ስለዚህ አታሚው ስለ ገዛ እጁ ብቻ ሳይሆን፥ በእርሱ ሥር ስላሉት እጆች ሁሉ ይጠየቅ ነበር። ብዙ ሰው ሥራው ባማረ ጊዜ ስሜ ይነገርልኝ ይላል፤ በተበላሸ ጊዜ ግን ከበታቼ ያሉት ናቸው ያበላሹት ብሎ ያመካኛል። የዊንቸስተር አታሚ እንዲህ ያለ መሸሸጊያ አልነበረውም።

ስም ዋስ የሚሆነው ግን የሚጠይቅ ዳኛ ባለበት አገር ብቻ ነው። በ991 ከሰሜን በመርከብ የመጡት የዴን ሰዎች እንግሊዝን በወረሩ ጊዜ፥ ተመልሰው እንዲሄዱ 10,000 ፓውንድ ብር ማለት 2,400,000 ፔኒ ያህል ተከፈላቸው፤ በኋላም ከዚህ የሚበልጥ ደጋግመው ወሰዱ። ስለዚህ የዚያ ዘመን ፔኒ ዛሬ ከእንግሊዝ ይልቅ በስዊድንና በጎረቤቶቿ አገሮች መሬት ውስጥ በብዛት ይገኛል። በብዙዎቹም ላይ በቢላዋ ጫፍ የተወጋ ምልክት ይታያል። የሰሜን ሰዎች የአታሚውን ስም ቢያዩም፥ በስሙ ጠርተው የሚከሱበት ዳኛ ስላልነበራቸው፥ ብሩን በብረት እየወጉ ይፈትኑት ነበር።

የእንግሊዝ ነገሥታትም በስም ብቻ አልታመኑም፤ ፍርሃትን ጨመሩበት። በአቴልስታን ሕግ መሠረት፥ ሐሰተኛ ገንዘብ ያተመ ሰው ያጠፋበት እጁ ተቈርጦ በማተሚያው ቤት ላይ ይሰቀል ነበር፤ ክሱን የካደውም ራሱን ለማንጻት በጋለ ብረት ይፈተን ነበር። ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ ነገር ማሰብ ያስቸግራል። ነገር ግን ፍርሃት ብቻውን ብሩን ሊያጠራው አልቻለም። ከ1100 እስከ 1135 በነገሠው በቀዳማዊ ሄንሪ ዘመን ሕዝቡ በገንዘቡ መታመኑን ተወ። ሰዎች ፔኒውን ሲቀበሉ ውስጡ ብር መሆኑን ለማየት ይቈርጡት ነበር፤ ሻጮቹ ደግሞ የተቈረጠውን አንቀበልም አሉ። ያልተቈረጠው አይታመንም፥ የተቈረጠውም አይወሰድም። ከዚህ ክርክር የተነሣ ንጉሡ፥ ገንዘብ ሁሉ ገበያ ሳይደርስ ጠርዙ በጥቂቱ እንዲሰነጠቅ አዘዘ፤ የዚያን ጊዜ ፔኒ ብንመለከት የብረቱ ምልክት እስከ ዛሬ በጠርዙ ላይ ይታያል። መታመን ስለ ጠፋ፥ ንጹሑም ገንዘብ ከነቍስሉ የሚወለድ ሆነ።

በ1124 እህል እጅግ ተወደደ፤ የፔኒውም ብር ከመክፋቱ የተነሣ፥ አንድ ፓውንድ ይዞ ገበያ የወጣ ሰው የ12 ፔኒ ዕቃ እንኳ ለመግዛት እንዳልቻለ የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ይናገራል። ንጉሡ በዚያ ጊዜ ባሕር ማዶ በኖርማንዲ ነበረ፤ ከዚያም ሆኖ በእንግሊዝ ያሉት አታሚዎች ሁሉ እንዲቀጡ ትእዛዝ ላከ። የሶልዝበሪው ኤጲስ ቆጶስ ሮጀር ሁሉንም ወደ ዊንቸስተር አስጠራቸው። በዚያም ከልደት በዓል እስከ ጥምቀት ባለው ጊዜ ውስጥ፥ አንድ በአንድ እየተወሰዱ ቀኝ እጃቸው ተቈረጠ፤ ሌላም የከፋ ቅጣት ተጨመረባቸው።

ያ ጸሐፊ፥ አገሩን በክፉ ገንዘብ አጥፍተዋልና ቅጣቱ የተገባ ነው ብሎ መሰከረ። በእርግጥም የሐሰተኛ አታሚ በደል ቀላል አይደለም። ክፉው ፔኒ ከሁሉ ይልቅ የሚጐዳው ንጉሡን አይደለም፤ የንጉሡ ግምጃ ቤት ግብሩን በሚዛንና በእሳት ፈትኖ ለመቀበል ይችላልና። የሚጐዳው ሳምንቱን ሙሉ ደክሞ ደመወዙን የተቀበለ፥ ዳቦ ሊገዛበት ሲሄድም ይህ ገንዘብ አይደለም ተብሎ ባዶ እጁን የተመለሰ ድሃ ነው። ልጆቹ ተርበው ሲጠብቁት የአታሚው ስም በእጁ ላይ ነው፤ ነገር ግን ስሙ አይበላም።

ዳሩ ግን እኔ በዚያ ፍርድ ልቤ አላረፈም። እንደ ጸሐፊው ቃል ሁሉ በአንድነት ተጠሩ፥ በሁሉም ላይ አንድ ቅጣት ወረደ፤ የእያንዳንዱ ገንዘብ ተመዝኖ ንጹሑ ከበደለኛው ተለየ አይልም። የእያንዳንዱ ሰው ስም ግን በገንዘቡ ላይ ተጽፎ ነበር። የማን ብር ንጹሕ፥ የማን ብር ክፉ እንደ ሆነ በመመዘንና በማቅለጥ ለመለየት ይቻል ነበር፤ ስምን የመጻፍ ጥቅሙም ይኸው ነበር። ስሙን ሳያነቡ እጅን መቍረጥ፥ ምስክር ጠርቶ ቃሉን ሳይሰሙ እንደ መፍረድ ነው። በደረቅ አበሳ እርጥብ ይቃጠላል የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ቅጣቱ ያን ያህል ከባድ ሲሆን ፍሬው አጭር ሆነ። ሄንሪ በ1135 ሞተ፤ እስከ 1154 በነገሠው በንጉሥ እስጢፋኖስ ዘመንም የእርስ በርስ ጦርነት ስለ ተነሣ፥ አንዳንድ መኳንንት በየስማቸው ገንዘብ አሳተሙ፤ የብዙውም ክብደት ጐደለ። ዳግማዊ ሄንሪ በ1158 ገንዘቡን አዲስ አደረገው፤ በ1180ም እንደ ገና ለወጠው። ከ1000 እጅ 925 እጅ ንጹሕ ብር የሚሆንበት ልክ እስተርሊንግ ተብሎ እስከ ዛሬ ድረስ ይጠራል።

ከዚህም በኋላ ሌላ ሌብነት በረታ። አታሚው ታማኝ ቢሆንም፥ ገንዘቡ ከእጁ ከወጣ በኋላ ክፉዎች ጠርዙን በመቀስ እየላጩ ብሩን ያጠራቅሙ ነበር። በጀርባው ያለው መስቀል አጭር ስለ ነበረ፥ ጠርዙ ቢላጭ በቀላሉ አይታወቅም። ስለዚህ በ1247 ሣልሳዊ ሄንሪ የመስቀሉን ክንድ እስከ ጠርዙ ድረስ አስረዘመው፤ ጫፉ የጐደለ መስቀል የሌባውን ሥራ እንዲገልጥ ነው። በዚያን ጊዜ የየአውራጃው ማተሚያ ቤቶች ለጥቂት ዓመታት ተከፍተው ይህን አዲስ ፔኒ አተሙ። ዊንቸስተርም ከእነርሱ አንዷ ነበረች፤ በ1250 ገደማ ግን ቤቶቹ ሲዘጉ የእርሷም የፔኒ ሥራ በዚያው አበቃ።

መቀሱ ግን አላረፈም። በ1278 ቀዳማዊ ኤድዋርድ በእንግሊዝ የሚኖሩትን አይሁድ፥ የገንዘብ ጠርዝ ትላጫላችሁ ብሎ በአንድነት አስያዛቸው፤ ከ600 የሚበልጡ ታሰሩ፥ በሎንዶንም ከ200 የሚበልጡት ተሰቀሉ። በዚሁ ጥፋት የተከሰሱ ክርስቲያኖችም ነበሩ፤ ከእነርሱ ግን የሚበዙት በገንዘብ ተቀጥተው ዳኑ። በ1290ም አይሁድ ሁሉ ከአገሩ ተባረሩ። ክሱ አንድ ሲሆን ፍርዱ ሁለት ሆነ። በገበያ ሚዛን ላይ ጣቱን የሚያሳርፍ ነጋዴ ሌባ ከተባለ፥ በፍርድ ሚዛን ላይ እጁን የሚያሳርፍ መንግሥት ምን ይባላል? እነዚያ ሰዎች የተሰቀሉት ጥቂት የብር ልጣጭ ጐደለ ተብሎ ነው፤ ከፍርዱ የጐደለው ግን በምንም ሚዛን ተመዝኖ አይመለስም።

በ1279 ያው ንጉሥ ገንዘቡን ሁሉ እንደ ገና አሳተመ። ከጥቂትም ጊዜ በኋላ ግማሽና ሩብ የሚሆን ክብ ገንዘብ ስለ ወጣ ፔኒን ለሁለትና ለአራት መቍረጥ ቀረ። የአታሚውም ስም ከፔኒው ጀርባ ጠፋ፤ የከተማው ስም ብቻ ተጻፈ። በቤሪ ሴንት ኤድመንድስ ገዳም ሥር በነበረው ማተሚያ ቤት ብቻ፥ ሮበርት ደ ሃድሊ የሚባለው አታሚ ለጥቂት ጊዜ ስሙን በፔኒ ላይ ጻፈ፤ ከእርሱም ጋር ያ የቀድሞ ልማድ አለፈ።

ታዲያ ስሙ ከቀረ ዋሱ ማን ሆነ? በስሙ ፋንታ ሣጥን ቆመ። ከሚታተመው ገንዘብ ጥቂት ጥቂቱ እየተነሣ በተዘጋ ሣጥን ይቀመጣል፤ በተወሰነ ጊዜም፥ ሥራውን የሚያውቁ ነገር ግን ያን ገንዘብ ያልሠሩ ሰዎች በምስክር ፊት ከፍተው ይመዝኑታል፥ ጥራቱንም ይፈትናሉ። ሣጥኑ ፒክስ ይባላል። ይህ ሥርዓት ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ዛሬም በየዓመቱ በሎንዶን በወርቅ አንጥረኞች ማኅበር አዳራሽ ይፈጸማል። ማንም በሌባነት ሳይጠረጠር ምርመራው ይደረጋል፤ ስለዚህ ለታማኙ ስድብ አይሆንበትም፥ ለከዳተኛውም ጊዜ አይሰጠውም።

እንግዲህ የታማኝነትን ጠባቂዎች ሦስት ሆነው አገኘኋቸው። የመጀመሪያው ቅጣት ነው። ቅጣት ያስፈልጋል፤ ነገር ግን የሚመጣው ከጥፋት በኋላ ነውና የድሃውን ዳቦ አይመልስም፤ ሳይመረምር ከመጣም ንጹሑን ከበደለኛው ጋር ይመታል። ሁለተኛው ስም ነው። ስም ሰውን ከሥራው ጋር ያስረዋል፤ ነገር ግን የሚያነበውና የሚጠይቀው ከሌለ ከጌጥ አይሻልም። ሦስተኛው በየጊዜው በግልጥ መመርመር ነው። ምርመራ ብቻውን ጕድለትን ያሳያል እንጂ ባለቤቱን አይናገርም። ስለዚህ ስምና ምርመራ በአንድነት ሲቆሙ፥ የሰይፍ ሥራ እጅግ ያንሳል፤ ሁለቱ በሌሉበት ግን ስንት እጅ ቢቈረጥ ብሩ አይጠራም።

ተማሪ ሆይ፥ ዛሬ ስምህን የምትጽፈው በደብተርህ ሽፋን ላይ ነው፤ ነገ ግን በደረሰኝ፥ በውል፥ በመዝገብና በፍርድ ወረቀት ላይ ትጽፈዋለህ። ከመጻፍህ በፊት፥ ስሜ ያለበትን ይህን ነገር የተቀበለ ሰው ይጠቀማል ወይስ ባዶ እጁን ይመለሳል ብለህ ጠይቅ። ሥራህን ሌላ ሰው ሲመዝነው አትቈጣ፤ ንጹሕ ብር ሚዛንን አይፈራም። ሹም ሆነህ ሰው ከበታችህ ቢሠራ፥ ጥፋቱን በእርሱ ላይ ጥለህ ምስጋናውን ለራስህ አታስቀር። ፍርድም በእጅህ ቢገባ፥ ከመቅጣትህ በፊት የእያንዳንዱን ስም አንብብ፥ የእያንዳንዱን ሥራ መዝን፤ ሰዎችን በወገናቸው ወይም በሙያቸው ጠቅልለህ አትፍረድባቸው። የጎድዊኔ ስም ያለበት ፔኒ ዛሬ በሚዛን ላይ ቢቀመጥ ስለ ሠሪው ይመሰክራል። የእኛም ሥራ እኛ በሌለንበት ቀን ይመዘናልና፥ እጃችን ገና መዶሻውን ይዞ ሳለ ክብደቱን አናጕድልበት።